ሞተር፣ ሄልሜትና ጋራዥ ለሚመርጡ፦ ከሐዋሳ የተጻፈ ጥቆማ

በዚህ ወር ሦስት ሰዎች ስለ ሞተር ሳይክል ምክር ጠየቁኝ። አንዷ ይርጋለም አካባቢ የተመደበች የጤና ባለሙያ፣ ሁለተኛው እዚሁ ሐዋሳ ዕቃ የሚያደርስ ወጣት፣ ሦስተኛው ደግሞ እስከ ባሌ ድረስ በሞተር ለመጓዝ ያሰበ የሥራ ባልደረባዬ ነው። ሦስቱም ያስቀደሙት ጥያቄ «የትኛው ሞተር ይሻላል?» የሚል ነበር። እኔ ለመስክ ሥራ አሥራ አንድ ዓመት ሞተር ከነዳሁ በኋላ የደረስኩበት ግን፣ ሞተር የሚመረጠው በሚሄድበት መንገድና መለዋወጫው በቅርብ በመገኘቱ እንጂ በመልኩ ወይም በፍጥነቱ አይደለም የሚል ነው። ስለዚህ ለሦስቱም በአንድ ላይ እጽፋለሁ።

በአካባቢያችን በብዛት ከሚታዩት መካከል ባጃጅ ቦክሰር 150ን እና ቲቪኤስ ኤችኤልኤክስን አስቀድማለሁ። ሁለቱም በአየር የሚቀዘቅዙ፣ ባለ አንድ ሲሊንደርና ካርቡሬተር ያላቸው የህንድ ሥሪቶች ናቸው። ካንዴላ፣ የፍሬን ሸራ፣ የፍሪሲዮን ሽቦና ሰንሰለት ሻሸመኔም ሆነ ዲላ ላይ ሳይለፉ ስለሚያገኙላቸው፣ ገጠር መንገድ ላይ ቢበላሹም ጭነት መኪና ለምኖ እስከ አዲስ አበባ መላክ አያስፈልግም። ከሁለቱ የቱን ትመርጣለህ ለሚለኝ፣ የሞተር መጠኑ 144.8 ሲሲ የሆነው ቦክሰር ሰውና ጭነት ይዞ ጠጠር መንገድ ላይ ለሚውል ሰው፣ ኤችኤልኤክስ 125 ደግሞ ቀኑን ሙሉ ከተማ ውስጥ እየቆመ ለሚነሳና ቤንዚን ለሚቆጥብ ሰው ይስማማል እላለሁ፤ ስለዚህ ዕቃ አድራሹ ወጣት ሁለተኛውን ቢይዝ ይሻለዋል።

ለጤና ባለሙያዋ መሥሪያ ቤቷ ያማሃ ኤጂ 200 ካቀረበላት ሳታመነታ ትቀበል። ሰንሰለቱ ሙሉ በሙሉ በሽፋን ውስጥ ስለሆነ ጭቃና አቧራ አይደርስበትም፤ የጎን መቆሚያውም በግራም በቀኝም ስላለ ተዳፋት ላይ ለማቆም አያስቸግርም። ከራሷ ኪስ የምትገዛው ከሆነ ግን መለዋወጫው ውድ መሆኑን አስቀድማ ማወቅ አለባት። በየወረዳው በጨረታ የሚሸጡት አሮጌ ያማሃ ዲቲ 125ዎች ረጃጅምና ጠንካራ ቢሆኑም፣ ባለ ሁለት ምት (ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር አብሮ የሚቃጠልባቸው) ስለሆኑ የራሳቸው ዓይነት ዘይት ይፈልጋሉ፤ የዘይት ፓምፑ መሥራቱን ሳያረጋግጡ መንዳት ፒስተን ያስነክሳል። ያገለገለ ሞተር ስትገዙ፣ የትኛውም ይሁን፣ ሊብሬው ላይ ያለውን የሻንሲና የሞተር ቁጥር ከአካሉ ጋር በዓይናችሁ አስተያዩ፤ ቦሎውና በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታ የሆነው የሦስተኛ ወገን መድን ያልተቋረጠ መሆኑንም ተመልከቱ።

ስለ ሄልሜት ረዘም አድርጌ ብጽፍ ይቅርታ ይደረግልኝ፤ ሰው ለሞተሩ ያወጣውን ሳይቆጥር ለጭንቅላቱ ሲሰስት ማየት ያሳዝነኛል። ገበያ ላይ ሦስት ዓይነት ይገኛል። አንደኛው ላስቲክ ቅርፊት ብቻ ሆኖ ውስጡ ስስ ስፖንጅ ያለበት ነው፤ ይህ ከትራፊክ ፖሊስ ቅጣት ያድን እንደሆነ እንጂ ከአስፋልት አያድንም። ሁለተኛው ከህንድ ሞተሮች ጋር የሚመጣው፣ የህንድ የደረጃ ምልክት የሆነው አይኤስአይ የተለጠፈበት ሲሆን፣ አገጭን የሚሸፍነውን ዓይነት ከመረጣችሁ ለከተማ በቂ ነው። ሦስተኛውና ለረጅም መንገድ የምመክረው፣ ማሰሪያው ላይ በተሰፋች ጨርቅ በክብ ውስጥ የላቲኑ «E» ፊደልና ቁጥር (የአውሮፓ ደረጃ ማረጋገጫ)፣ አብሮትም በ05 ወይም በ06 የሚጀምር ቁጥር የሚነበብበት ነው። ምልክቱ ውጭ ላይ በስቲከር ብቻ ተለጥፎ ውስጥ ከሌለ አትመኑት። ስትለኩት ጉንጫችሁን ጠበቅ አድርጎ መያዝ አለበት፤ ራሳችሁን በኃይል ስትነቀንቁ ሄልሜቱ ብቻውን የሚዞር ከሆነ ሰፍቷችኋል። ያገለገለ ሄልሜት ፈጽሞ አትግዙ፤ አንድ ጊዜ የተመታ ፎም ከውጭ ምንም ሳይታይበት ውስጡ ተደቁሶ ሊሆን ይችላል።

የሄልሜት አያያዝም ቀላል ነው። የፊት መስተዋቱ ላይ የደረቀ ትንኝና ጭቃ ሲኖር በውኃ የራሰ ጨርቅ አሥር ደቂቃ አልብሶ ማቆየትና ከዚያ በቀስታ መጥረግ እንጂ በደረቁ መፈተግ አይገባም። ብዙ ጋራዦች ውስጥ እንደማየው በቤንዚን ማጽዳት መስተዋቱን ይሰነጥቃል፣ ፎሙንም ያቀልጣል። ለማታ ጉዞ የጠቆረ መስተዋት አትጠቀሙ።

ጃኬትን በተመለከተ፣ የሀገራችን የበግ ቆዳ በስስነቱና በጥንካሬው በዓለም የታወቀ ቢሆንም፣ ለእጅ ጓንትና ለጌጥ ልብስ እንጂ አስፋልት ላይ ለመንሸራተት የተዘጋጀ አይደለም። ስለዚህ መርካቶ ከሚሰቀሉት የሚያማምሩ የበግ ቆዳ ጃኬቶች ይልቅ፣ ከሰልባጅ ተራ የሚገኝ ወፍራም የከብት ቆዳ ጃኬት ለሞተረኛ ይበልጣል። ስትመርጡ ክርኑና ትከሻው ላይ ቆዳው በሁለት ጣት ሲቆነጠጥ የማይታጠፍ ያህል ወፍራም፣ ስፌቱም ድርብ ይሁን። እኔ እንዲህ ዓይነቱን ገዝቼ ክርኑ ላይ ሁለተኛ ድርብ ቆዳ በጫማ ሰፊ አስደርቤበት ስድስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ዝናብ ሲመታው ከምድጃ አጠገብም ሆነ ፀሐይ ላይ ሳላደርግ ጥላ ውስጥ ሰቅዬ አደርቀዋለሁ፤ በየሦስት ወሩም የጫማ ቅባት በስሱ እቀባዋለሁ። ለእግር ቁርጭምጭሚትን የሚይዝ ከስክስ ጫማ ከማንኛውም ስኒከር ይሻላል፤ ማሰሪያው ግን ወደ ውስጥ ይግባ። ለዝናብ፣ ከአንገት ተጠልቆ በነፋስ የሚውለበለበውን ላስቲክ ትታችሁ ሱሪና ኮት ሆኖ የተሰፋውን ግዙ። ከኋላ የምትጫን እናት ወይም እህት ነጠላ ከለበሰች ጫፉን ጠቅልላ ከሥሯ ሳታስቀምጥ አትነሱ፤ ነጠላ በኋላ ጎማ ሽቦ ተጠምጥሞ ሰው ሲወድቅ አይቻለሁ።

ዘይት ላይ የራሴን ጥፋት ልናገር። ከአራት ዓመት በፊት ከአንድ መደብር በቅናሽ የገዛሁት ዘይት ገና 800 ኪሎ ሜትር ሳልሄድበት እንደ ውኃ ቀጠነ፤ የሞተሩም ድምፅ ተቀየረ። ክዳኑ ላይ ያለው ማሸጊያ ቀድሞ የተነካ መሆኑን ያወቅሁት ጣሳውን ከቆሻሻ መጣያ አውጥቼ ስመለከት ነው። ከዚያ ወዲህ የምገዛው ከኖክ፣ ከቶታል ኢነርጂስ ወይም ከኦላ ማደያዎች ብቻ ነው፤ ከሦስቱ ልዩነት አላየሁም። 20ደብሊው-50 ወይም በሞተሩ መመሪያ ላይ የተጻፈውን ውፍረት ምረጡ፣ ጣሳው ላይ «ጃሶ ኤምኤ» የሚለው ምልክት መኖሩን አረጋግጡ። የአብዛኞቹ ሞተሮች ፍሪሲዮን በዚያው የሞተር ዘይት ውስጥ ስለሚሠራ፣ ለመኪና የተዘጋጀ አንዳንድ ዘይት ሸራዎቹን እያንሸራተተ ጉልበት ይገድላል። በአቧራ መንገድ ላይ በየ2,000 ኪሎ ሜትሩ መቀየር ብክነት አይደለም።

ሰንሰለት ወይም ብዙዎች እንደሚሉት ካቴና፣ በየ500 ኪሎ ሜትሩ በነጭ ጋዝ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ቁጥር 90 የማርሽ ዘይት በስሱ ቢቀባ ዕድሜው ይረዝማል። መሐሉን ወደ ላይና ወደ ታች ስታንቀሳቅሱት ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ያህል መላወስ አለበት፤ አንድ ጎበዝ የተባለ መካኒክ ክርር አድርጎ አጥብቆልኝ በሁለት ሳምንት ውስጥ የኋላ ጎማ ኩሽኔታዬ ተበላ። ሲያልቅም ሰንሰለቱን ብቻ መቀየር አሮጌው ጥርስ አዲሱን እንዲበላው ማድረግ ስለሆነ ሰንሰለቱን፣ የፊቱንና የኋላውን ጥርስ ሦስቱንም በአንድ ላይ ቀይሩ።

ጋራዥን በሥራ ዓይነት እለያለሁ። አዲስ ሞተር ከሆነና ዋስትናው ካላለቀ፣ ዋጋው ቢወደድም የወኪሉ ጋራዥ ይሻላል። ከዚያ በኋላ ለካንዴላ፣ ለፍሬንና ለካርቡሬተር ጽዳት አንድ የሰፈር መካኒክ ያዙና አትለዋውጡ፤ ሞተሩን የሚያውቅ ሰው ድምፁን ሰምቶ ብልሽቱን ይነግራችኋል። የሞተር ራስና ፒስተን ሥራ ሲመጣ ግን ቶርኖ ቤት ያለው ዘንድ ሂዱ። እዚህ የጠፋ ዕቃ መርካቶ ሶማሌ ተራ አይጠፋም፤ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ፣ በስም ብቻ ተናግራችሁ አትግዙ። በአዲስ አበባ ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በሞተር እንቅስቃሴ ላይ ገደብ ስላለ ለዚህ ጉዳይ በአውቶቡስ መሄዱ ይቀላል። ላቫጆ ላይ ደግሞ በከፍተኛ ግፊት የሚረጨው ውኃ ወደ ጎማ ኩሽኔታና ወደ መሪው አንገት እንዳይዞር አጣቢውን ተቆጣጠሩት፤ ግሪሱን ጠርጎ ያወጣዋል።

ወደ ባሌ ለሚሄደው ባልደረባዬ የቀረውን እጽፋለሁ። ከሐዋሳ ሻሸመኔ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከዚያ በኮፈሌ፣ በዶዶላ፣ በአዳባና በዲንሾ አድርጎ ሮቤ ይገባል፣ ጎባ ደግሞ ከሮቤ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ጊዜው ከኅዳር እስከ ጥር ቢሆን መንገዱ ይደርቃል፤ ሆኖም ስንዴ የሚሰበሰብበት ወቅት ስለሆነ ኮምባይነርና የጭነት ጋሪ ይበዛል፣ አመሻሽ ላይ ደግሞ ከብቶችና ፈረሶች መንገዱን ይሞሉታልና ከ10 ሰዓት በኋላ አትንዳ። የጸጥታውን ሁኔታ በዚያው ዕለት ከአካባቢው ሾፌሮች ጠይቅ።

ከጎባ ወደ ሳነቴ አምባ ሲወጣ መንገዱ ከ4,000 ሜትር በላይ ይሄዳል፤ እዚያ ያለው ቱሉ ዲምቱ ተራራ ራሱ 4,377 ሜትር ነው። እዚያ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ጠለል ካለው 40 በመቶ ያህል ስለሚያንስ ካርቡሬተር ያለው ሞተር ቤንዚን በዝቶበት ይታፈናል፣ ካንዴላውም ይጠቁራል። ይህ ብልሽት አይደለምና መንገድ ላይ ካርቡሬተር አትፍታ፤ ከመነሳትህ በፊት የአየር ማጣሪያውን አጽዳ፣ መለዋወጫ ካንዴላ ያዝ፣ ዳገቱን በዝቅተኛ ማርሽ ውጣ። ጠዋት ውርጭ ስለሚኖር ከጓንትህ በታች ስስ ሱፍ ልበስ። ቀይ ቀበሮ መንገድ ስለሚያቋርጥም በዚያ ሜዳ ላይ በዝግታ ንዳ። ቤንዚን ከማደያ ሮቤ ላይ ሙላ፤ መንገድ ዳር በሃይላንድ የሚሸጠው ውኃ ወይም ነጭ ጋዝ ተቀላቅሎበት ሊሆን ስለሚችል ሌላ አማራጭ ከጠፋ ብቻ፣ ያውም በጨርቅ አጥልለህ ተጠቀምበት። ከመነዳሪ፣ የጎማ ማውለቂያ ብረት፣ ፒንሳና የእጅ ፓምፕ ከኮርቻው በታች ይኑሩ፤ ከዶዶላ በኋላ ጎሚስታ በየቦታው አይገኝም። መለዋወጫ ከመነዳሪ እኔ ዘንድ አለ፤ ሐሙስ ከሥራ በኋላ ሞተሩን ይዘኸው ና፣ ሰንሰለቱንም አብረን እናስተካክለዋለን።