«ፈውስ ተገኘ» የሚሉትን የሕክምና ዜናዎች እንዴት ልያቸው?

የአባቷ ልጅ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። የቤተሰባችን የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ የሕክምና ዜና ሳይለቀቅ አይውልም። አንዱ «የመርሳት በሽታ መድኃኒት ተገኘ» ይላል። ሌላው «የአልማዝ ባለጭራ ክትባት የመርሳት በሽታን ይከላከላል» ይላል። ትናንት ደግሞ «ካንሰርን መቶ በመቶ የሚያጠፋ መድኃኒት» የሚል መጣ። ድሮ አይቼ አልፍ ነበር። አሁን ግን አባቴ አልዛይመር ጀምሮታል ተብሏል፤ ገና መጀመሪያው ላይ ነው። ታላቅ ወንድሜም የትልቁ አንጀት ካንሰር ተገኝቶበት ቀዶ ጥገናውንም ኬሞውንም ጨርሷል። እናቴ አንድ ዜና ባየች ቁጥር «እኛ ይሄን ለምን አላደረግንም?» እያለች ትጨነቃለች።

ጥያቄዬ ሦስት ነው። ሌካኔማብ የሚባለው መድኃኒት የአልዛይመርን መባባስ በ27 ከመቶ ይቀንሳል ይላሉ፤ ከምን ላይ ነው 27 ከመቶ? እናቴ ክትባቱን ብትወስድ ይጠቅማታል? ያ መቶ በመቶ የተባለውስ ለወንድሜ ይሆናል? እባካችሁ «ሐኪም አማክሪ» ብቻ ብላችሁ አትለፉኝ። ቀጠሮ አለን። ሐኪሙ ፊት ስቀመጥ ምን ብዬ እንደምጠይቅ ነው የጠፋኝ።

ቁጥር ወዳድ

እህቴ፣ ከ27ቱ ልጀምር። ጥናቱ ላይ 1,795 ሰዎች ነበሩ፤ ሁሉም በሽታው ገና የጀመራቸው። ግማሾቹ ሌካኔማብ ተሰጣቸው፤ ግማሾቹ መድኃኒት የሌለበት ተመሳሳይ ፈሳሽ። ማን የቱን እንደወሰደ አያውቁም። 18 ወር ተከታተሏቸው።

የበሽታው ደረጃ የተለካው ከ0 እስከ 18 በሚሄድ ነጥብ ነው። ማስታወስ፣ ጊዜና ቦታን ማወቅ፣ የቤት ሥራ መሥራት፣ ራስን መንከባከብና የመሳሰሉት ይታያሉ። ነጥቡ ሲጨምር በሽታው ብሷል ማለት ነው። 18 ወሩ ሲያልቅ መድኃኒቱን ያልወሰዱት በአማካይ በ1.66 ነጥብ ባሰባቸው። የወሰዱት ደግሞ በ1.21። ልዩነቱ 0.45 ነው። 0.45ን ለ1.66 አካፍይው፤ 27 ከመቶ ይመጣል።

እንግዲህ «27 ከመቶ ተሻላቸው» ማለት አይደለም። በአማካይ ሁለቱም ወገኖች ብሶባቸዋል፤ አንደኛው ቀስ ብሎ ነው የባሰበት። ከ18 ነጥብ ላይ ግማሽ ነጥብ እንኳ አይሞላም። ዜናው ውሸት አልጻፈም፤ ግን ትልቁን ቁጥር መርጦ ነው የጻፈው። ከመቶ የሚል ቁጥር ባየሽ ቁጥር «ከስንት ወደ ስንት?» ብለሽ ጠይቂ።

ነርስ ነኝ

ቁጥር ወዳድ ልክ ነው፤ ጉዳቱን ግን ዘለለው። ሌካኔማብ አንጎል ውስጥ የተጠራቀመውን አሚሎይድ የሚባል ፕሮቲን ይጠርጋል። በዚህ መሃል አንዳንድ ሰው አንጎሉ ላይ እብጠት ወይም ትንንሽ መድማት ይታይበታል። እዚያው ጥናት ላይ እብጠቱ ከወሰዱት 12.6 ከመቶው ላይ ታይቷል፤ ካልወሰዱት 1.7 ከመቶው ላይ። አብዛኛው ሰው ምንም ሳይሰማው በኤምአርአይ ብቻ ነው የሚታየው። አልፎ አልፎ ግን ከባድ ይሆናል፤ ሕይወት ያለፈበትም ጊዜ አለ።

ቀጠሮው ላይ እነዚህን ጠይቂ። አባትሽ አሚሎይድ እንዳለው ፔት ስካን በሚባለው የአንጎል ምስል ወይም ከአከርካሪ በሚወሰድ ፈሳሽ ተረጋግጧል? ይህ ሳይረጋገጥ መድኃኒቱ አይጀመርም። አፖኢ4 የሚባለው ጂን ተመርምሮለታል? ጂኑን ከእናትም ከአባትም የወረሰ ሰው ላይ እብጠቱ በጣም ይበዛል፤ በጥናቱ ከሦስት ሰው አንዱ አካባቢ ደርሷል። ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ከሆነ ደግሞ ሳትጠየቂ ተናገሪ። መድኃኒቱ በየሁለት ሳምንቱ በደም ሥር ነው የሚሰጠው፤ በመጀመሪያዎቹ ወራት ኤምአርአይ ይደጋገማል። ዶናኔማብ የሚባለውና በ2024 የአሜሪካን ፈቃድ ያገኘው ሌላው ተመሳሳይ መድኃኒት በወር አንዴ ነው፤ ስጋቱ ግን ያው ነው።

አስታማሚዋ

እኔ ባለቤቴን የማስታምም ነኝ። ቁጥር ወዳድ፣ 0.45 ወረቀት ላይ ትንሽ ነች። ስሜን እየጠራ የሚቆይበት ጊዜ በጥቂት ወር ከረዘመ ግን ለእኔ ትንሽ አይደለም። ሰው ይህን መርጦ ቢወስድ አልፈርድበትም።

ቁጥር ወዳድ

እህት አስታማሚ፣ እኔም አልፈርድም። ግን አማካይ ነው። ለአንቺ ባለቤት ስንት ወር እንደሚጨምር ማንም ሊነግርሽ አይችልም። ካልወሰደ ምን ይሆን እንደነበረ ስለማታዪ፣ ወስዶ እንኳ ሠራ አልሠራ ማለት ይከብድሻል።

አስታማሚዋ

ይሄንን እቀበላለሁ። ለጠያቂዋ የምጨምረው፣ በየሁለት ሳምንቱ አባትሽን ማን ያመላልሰዋል? ኤምአርአይ ውስጥ ሳይንቀሳቀስ ይተኛል? የኔው ገና ማሽኑ ሲጮህ ነው ተነስቶ ልውጣ የሚለው። ይሄን ሐኪም አይጠይቅሽም፤ እናንተ ተቀመጡና ተነጋገሩበት። ከሁሉ በላይ አባትሽ ራሱ አሁን ሐሳቡን መናገር ይችላል። እሱን ጠይቁት።

ፋርማሲስቱ

ወደ ክትባቱ ልምጣ፤ እኔ በግሌ ከሦስቱ በጣም የምወደው ጥናት ይሄ ነው።

አልማዝ ባለጭራን የሚያመጣው ቫይረስ በልጅነት ጉድፍ፣ ማለትም ቺክን ፖክስ፣ የሚያስይዘው ነው። ከዳንን በኋላ ነርቭ ውስጥ ተኝቶ ይቀራል፤ በእርጅና ይነሳል። ነርቭ ውስጥ የሚኖር ቫይረስ አንጎልን ይጎዳ ይሆን ወይ የሚለው ጥያቄ የቆየ ነው። ችግሩ እንዲህ ነው፤ ክትባት የሚወስድ ሰው ባጠቃላይ ለጤናው የሚጠነቀቅ ነው። ያልተከተበውን ከተከተበው ጋር ብታወዳድሪ የክትባቱን ጥቅም ከጥንቃቄው መለየት አትችዪም።

ዌልስ ውስጥ በ2013 ክትባቱ ሲጀመር ግን አንድ ደንብ ወጣ። በፈረንጅ አቆጣጠር ከሴፕቴምበር 2፣ 1933 በፊት የተወለደ አይከተብም፤ በዚያ ቀንና ከዚያ በኋላ የተወለደ ይችላል። ስለዚህ አንድ ሳምንት ቀድሞ የተወለደና አንድ ሳምንት ዘግይቶ የተወለደ ሰው በሌላ ነገር ሁሉ አንድ ዓይነት ሆነው፣ በክትባቱ ብቻ ይለያያሉ። ቀኑ ራሱ ዕጣ ጣለላቸው ማለት ነው። ተመራማሪዎቹ የ280,000 ያህል ሰዎችን መዝገብ አዩ። በሰባት ዓመት ውስጥ የተከተቡት በመርሳት በሽታ የመያዝ ዕድላቸው በ20 ከመቶ ገደማ ቀንሶ ተገኘ። ቁጥር ወዳድ ሳይጠይቀኝ ልናገር፤ ከመቶ ሰው ሲታሰብ በሦስትና በአራት ሰው መካከል ነው። ጥቅሙ በሴቶች ላይ ጎልቶ ነበር። ጥናቱ በ2025 ኔቸር በሚባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ ወጥቷል።

ያኔ የተሰጠው ሕያው ግን የተዳከመ ቫይረስ ያለበት የቀድሞው ክትባት ነበር። አሁን በብዙ አገር የሚሰጠው ሌላ ነው፤ ሕያው ቫይረስ የለበትም፣ ሁለት ጊዜ ነው የሚሰጠው። ስለ እሱም ተስፋ የሚሰጥ ጥናት አለ።

ለእናትሽ መልሴ፦ ዕድሜዋ 50 ካለፈ አልማዝ ባለጭራን ራሱን ለመከላከል ብላ ብትከተብ ተገቢ ነው። ያንን ሕመም ያየ ያውቀዋል። የመርሳት በሽታውን በተመለከተ ካገዛት ምርቃት ነው። ክትባቱ አባትሽን ያድነዋል ብላችሁ ግን አትጠብቁ።

አዲስ ገቢ

ይቅርታ ጣልቃ ገባሁ። ስለ መቶ በመቶ ካነሳችሁ፣ ኤችአይቪን በዓመት ሁለት መርፌ መቶ በመቶ ይከላከላል የሚባለውስ እንዲሁ ማጋነን ነው?

ቁጥር ወዳድ

እሱ ሌናካፓቪር ነው። በደቡብ አፍሪካና በኡጋንዳ ወጣት ሴቶች ላይ በተደረገው ጥናት መርፌውን ከተሰጣቸው 2,134 ውስጥ አንዲትም አልተያዘችም። በዚያው ጥናት በየቀኑ ክኒን ከተሰጣቸው ውስጥ ግን የተያዙ ነበሩ። ስለዚህ ቁጥሩ እውነተኛ ነው፤ ብዙ ሰው ላይም ታይቷል። ግን መከላከያ እንጂ ፈውስ አይደለም፤ ከመወጋት በፊት ነፃ መሆን በምርመራ መረጋገጥ አለበት። በየስድስት ወሩም ካልተደገመ አይሠራም። ሌላ ካለህ አዲስ ጥያቄ ክፈት፤ የእህታችንን አንበትንባት።

ነጭ ጋውን

የካንሰሩን እኔ ልውሰደው። ያየሽው ዜና ዶስታርሊማብ ስለሚባል መድኃኒት ይመስለኛል። ለመጀመሪያ ጊዜ በ2022 ሲነገር ስለ 12 ሰዎች ነበር። በ2025 ደግሞ 49 ደረሱ። ሁሉም ሬክተም በሚባለው፣ በትልቁ አንጀት የመጨረሻ ክፍል ላይ ካንሰር ያለባቸው ናቸው። ስድስት ወር መድኃኒቱን ወስደው ካንሰሩ በምርመራ የማይታይ ሆነ፤ ያለ ቀዶ ጥገና፣ ያለ ጨረር። በጣም ትልቅ ነገር ነው፤ ማጋነን አይደለም።

ግን ሰዎቹ ተመርጠው ነው የገቡት። ሴል ሲባዛ ዲኤንኤውን ይገለብጣል፤ ሲገለብጥ ስህተት ይፈጠራል። ያንን ስህተት እንደ ፊደል አራሚ እየዞረ የሚያስተካክል ሥርዓት አለ፤ ኤምኤምአር ይባላል። የእነዚህ ሰዎች ዕጢ ይህ ሥርዓት የተበላሸበት ነው። ስህተቱ ስለሚከማች የሰውነት መከላከያ ዕጢውን ባዕድ ነው ብሎ መለየት ይቀለዋል፤ መድኃኒቱ የሚያደርገው መከላከያውን መልቀቅ ብቻ ነው። ከሬክተም ካንሰር እንዲህ ዓይነቱ ከ5 እስከ 10 ከመቶ ቢሆን ነው።

የወንድምሽ የፓቶሎጂ ወረቀት (የዕጢው ምርመራ ውጤት) ላይ «ኤምኤምአር» ወይም ያንኑ ብልሽት በሌላ መንገድ የሚያሳየውን «ኤምኤስአይ» የሚል መስመር ፈልጊ። ከሌለ፣ ከተቀመጠው የዕጢው ናሙና ላይ እንዲሠራ ጠይቁ።

የአባቷ ልጅ (ጠያቂ)

እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ወረቀቱን አሁን አወጣሁት። ኤምኤምአር የሚለው ፊት ለፊት «ፕሮፊሸንት» ተብሎ ተጽፏል። ይሄ ጥሩ ነው መጥፎ?

ነጭ ጋውን

ጥሩም መጥፎም አትበዪው። አራሚው ይሠራል ማለት ነው፤ የአብዛኛው ሰው ውጤት ይሄው ነው። ስለዚህ ያ ዜና ስለ ወንድምሽ ካንሰር አይደለም። ዕጢውም ተቆርጦ ወጥቷል። ለእናትሽ ይሄን ንገሪያት፤ የቀረበት መድኃኒት የለም። ውጤቱ በተቃራኒው ቢሆን ኖሮ በዘር የሚወረስ እንደሆነ እናንተም ትመረመሩ ነበር።

ለእሱ የሚሆን ሌላ ጥናት ግን አለ፤ ማንም ግሩፕ ላይ አይለቀውም፣ ምክንያቱም የሚሸጥ ነገር የለበትም። በ2025 የወጣ ነው። የትልቁ አንጀት ካንሰራቸው ተቆርጦ ኬሞ የጨረሱ 889 ሰዎች በዕጣ ሁለት ቦታ ተከፈሉ። ግማሾቹ የጤና ምክር የያዘ ጽሑፍ ተሰጣቸው። ግማሾቹ ሦስት ዓመት በአሠልጣኝ ክትትል የአካል እንቅስቃሴ ሠሩ። ከስምንት ዓመት በኋላ በሕይወት ያሉት ከእንቅስቃሴው ወገን 90.3 ከመቶ፣ ከሌላው ወገን 83.2 ከመቶ ነበሩ። ከመቶ ሰው ሰባት ማለት ነው፤ ይህን ያህል የሚያስገኝ መድኃኒት ቢሆን ኖሮ ዜናው አገር ያዳርስ ነበር።

የሠሩት ከባድ ነገር አይደለም። በሳምንት ሦስት ወይም አራት ቀን፣ በየቀኑ ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ፈጠን ያለ እርምጃ ቢሄድ ይጠጋጋል። የጡንቻና የመገጣጠሚያ ሕመም እንቅስቃሴ በሠሩት ላይ በዝቶ ስለታየ ቀስ ብሎ ይጀምር። ኬሞው እግሩን ካደነዘዘው ደግሞ ከመጀመሩ በፊት ለሐኪሙ ይንገር፤ ሚዛን ይስታል።