የደሴ ብርድ ነው ወይስ የእኔ እጅ? ስለ ኦርኪድ የቀረበ ጥያቄ

ጀማሪዋ (ደሴ)፦
በኅዳር ወር ከአዲስ አበባ በስጦታ የመጣችልኝ ባለ ነጭ አበባ ፋሌኖፕሲስ ኦርኪድ ሁለት ወር ያህል ቆይታ አበባዋን አራግፋለች። አሁን ደግሞ የታችኞቹ ቅጠሎቿ ተሸብሽበው ልል ሆነዋል። ውኃ የጠማት መስሎኝ በየሁለት ቀኑ ባጠጣትም እየባሰባት ሄደ። የተቀመጠችው በሳሎኑ መስኮት ላይ፣ ታቹ ባልተበሳ የሸክላ መትከያ ውስጥ ነው። የጎዳት ብርዱ ይሆን? በዚህ አየር ለጀማሪ የሚቀል ዓይነት ካለም ብትጠቁሙኝ ደስ ይለኛል።

ከኮምቦልቻ፦
እህቴ፣ ብርዱን ከመክሰስዎ በፊት ነቅለው ሥሯን ይመልከቱ። ጤነኛ ሥር ሲደርቅ ብርማ፣ ሲርስ አረንጓዴ ይሆናል፤ ቡናማ ሆኖ በጣት ሲጫኑት ባዶ ልጣጭ ብቻ የሚቀር ከሆነ ግን በስብሷል። የበሰበሰ ሥር ውኃ መሳብ ስለማይችል ቅጠሉ የተጠማ ይመስላል፤ እርስዎም አዝነው ሲጨምሩላት የቀረውን ያበሰብሱታል። ይህች ተክል በእስያ ሞቃታማ ደኖች ዛፍ ላይ ተጣብቃ፣ ሥሯን ዝናብ እያራሰውና ነፋስ እያደረቀው የምትኖር እንጂ አፈር የምታውቅ አይደለችም። የበሰበሰውን በአልኮል በተጠረገ መቀስ ቆርጠው፣ ታቹ በተበሳና ውስጡን በሚያሳይ የፕላስቲክ ዕቃ፣ በተሰባበረ የዛፍ ቅርፊት ይትከሏት። እኔ ቅርፊቱ ሲያንሰኝ ከሰል በአውራ ጣት ልክ ሰባብሬ፣ ብናኙን አጥቤ እቀላቅልበታለሁ። ከዚያ በኋላ በሳምንት አንድ ጊዜ ጠዋት ማጠጣት ይበቃታል፤ በቅጠሎቹ መሐል የቋጠረ ውኃ ካለ ግን በጨርቅ ያድርቁት።

ከጦሳ ሥር (ደሴ)፦
ስለ ሥሩ የተባለው ትክክል ነው፤ «በሳምንት አንድ ጊዜ» የሚለው ግን ከእኛ ዝቅ ብሎ ለሚሞቀው ለኮምቦልቻ እንጂ ለእኛ ሁልጊዜ አይሠራም። ክረምት ላይ ጭጋጉ ሲከብድ የእኔዋ አሥራ ሁለት ቀን ሳትደርቅ ትቆያለች፤ ስለዚህ ቀን ከመቁጠር ይልቅ የሥሩን ቀለም ማየት ይሻላል። ብርዱንም ከነጭራሹ ነፃ አላወጣውም፤ ሌሊቱ ለረጅም ጊዜ ከ15 ዲግሪ በታች ሲሆን ፋሌኖፕሲስ ይጎዳል፤ ስለዚህ ከኅዳር እስከ ጥር ማታ ማታ ከመስታወቱ ያርቋት። በሌላ በኩል ለጥቂት ሳምንታት ወደ 16 ዲግሪ ግድም የሚወርድ ሌሊት አዲስ የአበባ ዘንግ እንድታወጣ ያነሣሣታል። የጠዋት ፀሐይ አይጎዳትም፤ የእኩለ ቀኑ ግን የእኔዋን ቅጠል በአንድ ብር ሳንቲም ልክ ነጭ አድርጎ አቃጥሎታል። ሌላ ኦርኪድ መግዛት ካሰቡ ቀዝቃዛ ሌሊት የሚወደውን ሲምቢዲየምን እመርጥልዎታለሁ፤ ጥላ ባለው በረንዳ ላይ ይስማማዋል።

ጀማሪዋ (ደሴ)፦
እግዜር ይስጥልኝ። ስነቅላት ረግረግ ረግረግ ይሸታል፤ ከአሥራ አንድ ሥሮች የተረፉት አራት ናቸው። በታዘዝኩት መሠረት ተክያታለሁ። አበባው የረገፈበት ዘንግ ግን አሁንም አረንጓዴ ነው፤ ልተወው?

ከኮምቦልቻ፦
ብርቱ ብትሆን ኖሮ ከታች ሁለተኛው አንጓ በላይ ቆርጠው እንዲጠብቁ እመክርዎ ነበር፤ ከዚያ አንዳንድ ጊዜ ዳግመኛ ያብባል። በአራት ሥር ለቆመች ተክል ግን ዘንጉን ከመነሻው ይቁረጡት፤ ማዳበሪያም አዲስ ሥር እስክታወጣ ድረስ አይስጧት።