ገነተ ልዑል ለማን ይሁን?

አወያይ፦ የዛሬው መከራከሪያችን ስድስት ኪሎ ያለው የቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነው። የምኒልክ ግቢ በ2012 ዓ.ም. አንድነት ፓርክ ተብሎ ለጎብኚ ተከፈተ። ኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥትም ሙዚየም ሆኗል። ገነተ ልዑል ግን ከ1954 ጀምሮ የዩኒቨርሲቲ ግቢ ነው። ዋናው ሕንፃ ውስጥ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምና ሙዚየሙ አሉ። ተቋሙ ወጥቶ ቤቱ በጃንሆይ ጊዜ እንደነበረው ይታደስ ወይስ ባለበት ይቀጥል? ስድብ የለም፤ ሐሳብ ብቻ።

አስጎብኚ፦ እኔ ይውጣ ባይ ነኝ። እንግዳ ይዤ ስገባ የሚጠይቀኝ «የንጉሡ መኝታ ቤት የቱ ነው?» ብሎ ነው። መኝታ ቤቱንና መታጠቢያ ቤቱን ያያል። ሌላው ክፍል ሁሉ የባህል ዕቃ ነው። ልጅነት፣ ጉልምስና፣ ሞት እያለ የሕዝቦችን አኗኗር ያሳያል። ማሳያው ግሩም ነው፣ አልክድም። ግን እንግዳዬ ቤተ መንግሥት ውስጥ መሆኑን ይረሳዋል። ለባህል ዕቃ ሌላ ሕንፃ ይሠራለታል፤ ቤተ መንግሥት ግን አሁን ተነስቶ አይሠራም።

የቀድሞ ተማሪ፦ ወንድሜ፣ «በጃንሆይ ጊዜ እንደነበረው» ሲባል የትኛው ጊዜ ነው? ከወረራው በፊት ያለው? ጣሊያን ሲገባ እኮ ግራዚያኒ ነው የተቀመጠበት። የካቲት 12 ቀን 1929 ምጽዋት ይሰጣል ተብሎ ድሃው ተጠርቶ እዚያ ግቢ ተሰበሰበ። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ ሲወረውሩ ተኩሱ የተከፈተው እዚያው፣ በተሰበሰበው ሰው ላይ ነው። ከተማው ውስጥ ለሦስት ቀን የቀጠለው ጭፍጨፋ ከዚህ ግቢ ጀመረ። ወይስ የታኅሣሥ 1953ቱን? ያኔ ደግሞ መፈንቅለ መንግሥቱ ሲከሽፍ የታገቱት ሹማምንት አረንጓዴው ሳሎን ውስጥ ተረሸኑ፤ ራስ አበበ አረጋይና ራስ ሥዩም መንገሻ ጭምር። ጃንሆይ ቤቱን ለትምህርት የሰጡት ከዚያ በኋላ ነው። አልጋና ወንበር ብቻ ደርድረህ ይህን ሁሉ የት ልታደርገው ነው?

አስጎብኚ፦ እሱንም እናስረዳለን። ማን ይደበቅ አለ?

የቀድሞ ተማሪ፦ የተማሪውንስ? የተማሪዎች መሪ የነበረው ጥላሁን ግዛው በ1962 ሲገደል አስከሬኑን ተማሪዎቹ ያመጡት እዚሁ ግቢ ነው። ወታደር ገብቶ ሌላ ደም የፈሰሰውም እዚሁ። ዩኒቨርሲቲው ቤቱን የያዘ ተከራይ አይደለም፣ የታሪኩ ባለቤት ነው።

አርክቴክት፦ ሁለታችሁም ውጭ ውጡና አንዴ ተመልከቱ። ከሕንፃው ፊት ለፊት እየተጠማዘዘ የሚወጣ የሲሚንቶ ደረጃ አለ። የትም አያደርስም። ጣሊያኖች ናቸው የሠሩት፤ አንዱ እርከን ሙሶሎኒ ሥልጣን ከያዘ ወዲህ ያለፈ አንድ ዓመት ነው። ከነፃነት በኋላ ማፍረስ ቀላል ነበር። አላፈረሱትም፤ አናቱ ላይ የይሁዳ አንበሳ ቁጭ አደረጉበት። ከዚህ የበለጠ ብልህ ጥገና በከተማችን አላየሁም። «ወደ ቀድሞው እንመልሰው» የሚለው ሐሳብ ግን መጀመሪያ የሚያነሳው እንዲህ ያለውን ነው። መኝታ ቤቱ ውስጥ ያለው የንጉሡ መስታወትስ? የ1953ቱ ጥይት የበሳው ነው። እድሳት ሲባል መስታወቱ በአዲስ ቢቀየር ዝም ትላላችሁ?

አስጎብኚ፦ እንዴ! መስታወቱን የነካ ከእኔ ጋር ነው የሚጣላው። እንግዳ ሁሉ ዝም ብሎ የሚቆመው እዚያ ጋ ነው።

አርክቴክት፦ እኔም የምለው እሱን ነው። አንተ የምትፈልገው ቤቱን በአንድ ዘመን ማስቆም አይደለም።

የታሪክ መምህር፦ ልጆች፣ እኔ ደግሞ ከሁለታችሁም ትንሽ ልለይ። ቤቱ ይሥራ የሚለውን እደግፋለሁ። ሰው የማይገባበት ቤት ጣራው ሲያፈስ የሚያይለት የለም። ግን ቤተ መንግሥቱ የተሠራው ለመኖሪያና ለእንግዳ መቀበያ ነው፤ የተቋሙን መጽሐፍ ይሸከም ተብሎ አይደለም። የመጽሐፍ ክብደት ቀልድ እንዳይመስላችሁ። የኤሌክትሪክ መስመርም ሲጨመርበት የእሳት ስጋት አለ። ስለዚህ መጋዘንና ቢሮ ይውጣ፤ ሙዚየሙና ማንበቢያው ይቆይ። አረንጓዴው ሳሎን የሆነውን እንዲናገር ይደረግ። ሌላው ቀርቶ በአዋጅ 209/1992 መሠረት ቅርስ ያለ ቅርስ ጥበቃ ባለሥልጣኑ ፈቃድ አይጠገንም። «እናድሰው» ብሎ ቀለም ቆርቆሮ ይዞ መግባት የለም።

ተመራማሪ፦ መምህር፣ እርስዎ ሲሉት ቀላል ይመስላል። መጋዘኑ ወጥቶ ማንበቢያው ከቆየ፣ አንባቢ አንድ የብራና መጽሐፍ በጠየቀ ቁጥር ብራናው በሰው እጅ ወዲያና ወዲህ ሊመላለስ ነው? ዝናብ አለ፣ ፀሐይ አለ። ብራና ከመንቀሳቀስ ይልቅ መቀመጥ ይወዳል። ከወጣ ሁሉም አብሮ ይውጣ፤ ከቆየም አብሮ ይቆይ። ደግሞ አዲሱ ቤት ተሠርቶ ሳያልቅ ማንም ካርቶን እንዳያነሳ። «ለጊዜው» ተብሎ የተጫነ ሰነድ የት እንደሚያድር እናውቃለን።

የታሪክ መምህር፦ የመጨረሻዋን ተቀብያለሁ። መጀመሪያ አዲሱ ቤት፣ ከዚያ ጭነት። አብሮ ይውጣ በሚለው ግን አልተስማማሁም። ብራናው አብሮት ከሚሄድ የራሱ ማንበቢያ ጋር ይውጣ፤ የታተመው መጽሐፍ ማንበቢያ እዚሁ ይቅር። ተማሪ በዚያ በር መግባቱን ካቆመ ቤቱ የትኬት መቁረጫ ብቻ ይሆናል።

አስጎብኚ፦ እሺ፣ ተማሪው ይግባ። የእኔ እንግዳም እኮ ይግባ! ግቢው የትምህርት ቤት ስለሆነ የሚገባው በተማሪ በር ነው። ግርግር ሲነሳ በሩ ይዘጋል፣ እኛም ሰው ይዘን ደጅ እንቀራለን። ቢያንስ ለሙዚየሙ የራሱ መግቢያ ይከፈት።

የቀድሞ ተማሪ፦ ይህን እኔም እፈርምልሃለሁ።

አርክቴክት፦ እኔም። ግን አጥሩን የምትከፍቱት በየት በኩል ነው? በአደባባዩ በኩል ካላችሁ የቱሪስት አውቶቡስ የት እንደሚቆም አሁኑኑ ንገሩኝ።