ቁርጭምጭሚት ወለም ሲል መጀመሪያ ወጌሻ ወይስ ራጅ? የጎንደር ልጆች ክርክር

ክርክሩን የከፈተው፣ ከማራኪ፦
ታናሽ ወንድሜ ኳስ ሲጫወት እግሩ ወለም አለው። ቤት ውስጥ ሁለት ወገን ሆንን። እናቴ «ወጌሻ ጋ ውሰዱት» አለች። እኔ «ራጅ ይነሳ» አልኩ። እናቴ አሸነፈች። ወጌሻው በቅቤ አሸው፣ ሳብ ሳብ አደረገውና «ገብቷል» አለ። ከዚያ ጥብቅ አድርጎ አሰረው። ልጁ ሌሊቱን ሙሉ ሲያቃስት አደረ። ጠዋት ስናየው የእግሩ ጣቶች በርደዋል፣ ጠቁረዋል። ማሰሪያውን እኔው ፈታሁት። ሆስፒታል ወስደነው ራጅ ሲነሳ በውጭ በኩል ያለው አጥንት ተሰብሮ ተገኘ። ሲታሽ የነበረው ስብራት ነው! አሁን ጀሶ ላይ ነው፣ እግሩ ተርፏል።
ጥያቄዬ ይኼ ነው፦ ወጌሻ ይከልከል? ወይስ ሠልጥኖ ከጤና ጣቢያ ጋር ተያይዞ ይሥራ? እኔ ይሠልጥን ባይ ነኝ። እንዳለ ይቀጥል ግን አልልም።

የአዘዞ ልጅ፦
ይከልከል። በጠባብ ማሰሪያ ደም አልደርስ ብሎት እግሩ የተቆረጠ የሠፈራችን ልጅ አለ። 12 ዓመቱ ነበር። ከዚያ በኋላ ስለ ሥልጠና መስማት አልችልም። አጥንት ቆዳ ውስጥ ነው ያለው፤ በእጅ ዳስሶ ስብራቱን ከወለምታው መለየት ሁልጊዜ አይቻልም።

እናት፣ ከቅዳሜ ገበያ፦
ልጆቼ፣ በሐዘናችሁ አዝናለሁ። ግን ለእኔ ሦስት ልጆቼን ወጌሻ ነው ያሻለልኝ። አባቶቻችን «የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም» ሲሉ የእግሩ እንደሚታሽ አውቀው ነው። ከደንቢያ ወይ ከወገራ የመጣ ገበሬስ? ትራንስፖርቱ፣ ካርዱ፣ ራጁ፣ አዳሩ ሲደመር በግ መሸጥ ነው። ወጌሻው ግን ደጁ ላይ አለ። ማታም ይከፍትለታል።

ክርክሩን የከፈተው፦
እናቴ፣ የገበሬው ነገር ልክ ነዎት፤ ለዚህም ነው ይከልከል ያላልኩት። አንድ ነገር ግን ልበል። አብዛኛው ወለምታ ሳይታሽም በጥቂት ሳምንት ይሻለዋል። ሰው የዳነው ከወጌሻው እጅ ይመስለዋል። ችግሩ የሚመጣው ወለምታ ያልሆነው ሲገባ ነው።

ፊዚዮቴራፒስት ነኝ፣ ከከተማው፦
ሁለታችሁም ያላነሳችሁትን ልጨምር። ለሁሉም ወለምታ ራጅ አያስፈልግም። የኦታዋ መመሪያ የሚባል አለ፣ ካናዳ ውስጥ በ1992 እ.ኤ.አ. የወጣ። ማሽን አይፈልግም፣ ጣትና ዓይን ይበቃዋል። ቁርጭምጭሚቱ አካባቢ ያመመው ሰው ከሚከተሉት አንዱ ካለበት ራጅ ይነሳ። በውጭም በውስጥም ጎልተው ከሚወጡት አጥንቶች የኋለኛውን ጠርዝ፣ ከጫፉ እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ወደ ላይ፣ ወይም ጫፉን ራሱን ስትጫኑት ካመመው። ወይም እንደተጎዳም፣ ስትመረምሩትም አራት እርምጃ መራመድ ካልቻለ። ለእግር መሐልም ተመሳሳይ አለው፤ በትንሿ ጣት በኩል የእግሩ ጎን መሐል ላይ ጎላ ያለችውን አጥንት፣ ወይም በውስጥ በኩል ከቁርጭምጭሚቱ ፊት ለፊት ያለችውን አጥንት ሲጫኗት ካመመች፣ ወይም እዚህም አራቱን እርምጃ ካልቻለ ይነሳ። ከእነዚህ አንዱም ከሌለ ስብራት የመኖሩ ዕድል በጣም ትንሽ ነው። ስኳር ይዞት እግሩ የደነዘዘ ሰው ግን ሕመሙን ስለማይሰማው በዚህ አይለካም።
ብዙ ጊዜ እግር ወደ ውስጥ ሲታጠፍ በውጭ በኩል ያለው ጅማት ነው የሚሳበው ወይም የሚበጠሰው። ጅማት ደግሞ ራጅ ላይ አይታይም። «ራጁ ነፃ ነው» ተብሎ ወደ ቤቱ የሚሸኝና ምንም ያልተነገረው ሰው ብዙ ነው፤ ይኼ የእኛ የባለሙያዎቹ ጥፋት ነው። መጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት እግሩን ከፍ ማድረግ፣ በረዶ በጨርቅ፣ ከሌለ ቀዝቃዛ ውሃ የነካ ፎጣ፣ ለስለስ ያለ ማሰሪያ። ኃይለኛ እሽት የለም፣ ሙቅ የለም። ከዚያ ቀስ እያሉ መንቀሳቀስ። ሕመሙ ሲቀንስ በአንድ እግር መቆም መለማመድ። ይኼን ያልሠራ ሰው ኮብልስቶኑ ላይ እንደገና ይዞርበታል፤ በየወሩ የማየው እሱን ነው።

ከፒያሳ፦
የእኔ አባት ሳይወድቁ ነው ቁርጭምጭሚታቸው ያበጠው። ወጌሻ ጋ እንውሰዳቸው ይላል ቤተሰቡ።

ፊዚዮቴራፒስቷ፦
አይታሹ። ሳይመቱ ያበጠ መገጣጠሚያ ሪህ ሊሆን ይችላል፤ ደማቸው ይመርመር። ቀልቶ፣ አቃጥሎ፣ ትኩሳትም ካላቸው ግን ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል፤ ዛሬውኑ ሐኪም ጋ ውሰዷቸው። ነገ አትበሉ።

የአዘዞ ልጅ፦
መመሪያው ጥሩ ነው። ግን ወጌሻው «አይ፣ ይኼ የኔ አይደለም» ብሎ ሰው ይልካል? ገቢው ነው እኮ።

የወጌሻ ልጅ፦
አባቴ ወጌሻ ነው፤ ሥራውን ከአያቴ ነው የወረሰው። የተጻፈውን በሙሉ አነበብኩለት። የጣቶቹን መጥቆር ስነግረው ዝም ብሎ ቆየና «ማታ ላይ ማን ሊያየው ሄደ?» አለኝ። እሱ ያሰረውን ሰው በነጋታው ይጎበኛል፤ ሌሊቱን ግን ማንም አያይም። ለምን አትልክም ስለው «ልካለሁ፣ የት እንደምልክ ማን ነገረኝ? ስልክ የሰጠኝ የለም» አለ። አራቱን እርምጃ ግን ወዲያው ያዘው። እኔው ላይ ተለማመደበት፣ አጥንቴን እየተጫነ። ይከልከል ያልከው ወንድሜ፣ አባቴን ብትከለክለው ሰው ሌሊት በሩን ማንኳኳቱን አይተውም። ተደብቆ ይሠራል፣ ያኔ ደግሞ የሚያየው የለም።

የአዘዞ ልጅ፦
የተቆረጠው ልጅ ከዓይኔ አይጠፋም፣ ይቅርታ። አባትሽ እንደዚያ ካሉ ግን ላገኛቸው እወዳለሁ።

ክርክሩን የከፈተው፦
እኔም። ከወንድሜ ጋር ልምጣ? ጀሶውን ሳይነኩ ማየት ይችላሉ።

የወጌሻ ልጅ፦
ቅዳሜ ከሰዓት ኑ። ጠዋት ሰው ይበዛበታል።

ፊዚዮቴራፒስቷ፦
እኔም እመጣለሁ። የራጅ ፊልሞች እይዛለሁ፤ ከውጭ ሲታዩ እብጠታቸው አንድ ዓይነት፣ አንዱ ስብራት፣ አንዱ ወለምታ። የጤና ጣቢያችንን ስልክም ጽፌ እሰጣቸዋለሁ።