99ኛው የአሜሪካ ተዋጊ ስኳድሮን (የጦር አውሮፕላን ቡድን) ከእኛ ጋር ምን ያገናኘዋል?

የከዚራው፦ አቦ የድሬ ልጆች፣ ትናንት በርጫ ላይ ተከራክረን አልተግባባንም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተዋጋው የጥቁር አሜሪካውያኑ 99ኛ ስኳድሮን የኢትዮጵያ እጅ አለበት እንዴ?

ሳቢያን፦ በጥቁር አሜሪካዊው ፓይለት በጆን ሮቢንሰን በኩል ነው። ቱስኪጊ የተማረ ሰው ነው፣ የስኳድሮኑ ፓይለቶች ኋላ የሰለጠኑበት አሜሪካ ያለ የጥቁሮች ኮሌጅ፤ እዚያ የበረራ ትምህርት እንዲከፈት ሲወተውት ቆይቶ በ1935 (በፈረንጅ) እዚህ መጣና ጣሊያንን ስንዋጋ አየር ኃይላችንን መራ። ስኳድሮኑ የተቋቋመው ግን በ1941 ነው፣ እሱ አልበረረበትም።

ገንደ ቆሬ፦ የመጀመሪያ ውጊያቸው በ1943፣ በፒ-40 ተዋጊ አውሮፕላን፣ የጣሊያን በሆነችው ፓንተለሪያ ደሴት ላይ ነው። "አይችሉም" ብለው ሊያስቀሯቸው የፈለጉ አለቆች ነበሩ እኮ! በጥር 1944 ጣሊያን ውስጥ አንዚዮ ሰማይ ላይ በ2 ቀን ከ10 በላይ የጀርመን አውሮፕላን ጥለው አፋቸውን አዘጉት። የአውሮፕላኖቻቸው ጭራ ቀይ የተቀባው ኋላ ነው፣ የጥቁር ፓይለቶች ስኳድሮኖችን ወደያዘው 332ኛው ግሩፕ ሲዛወሩ።

የከዚራው፦ ተባረኩ! ማኪያቶው በጓደኛዬ ነው።