ደሴ ላይ ቤት እንግዛ ወይስ ተከራይተን እንቆይ?

ጥያቄ፦ የፋብሪካ ሠራተኛ

ሰላም ለሁላችሁም። እኔ ኮምቦልቻ በሚገኝ አንድ ፋብሪካ ተቀጥሬ የምሠራ ስሆን ባለቤቴ ደግሞ ደሴ መምህርት ናት። ሁለት ልጆቻችንን ይዘን ሆጤ አካባቢ በግቢ ውስጥ ያለ ባለ ሁለት ክፍል ቤት በወር 9,000 ብር ተከራይተን እንኖራለን። አከራያችን ከመስከረም ጀምሮ ኪራዩ 12,000 ብር እንደሚሆን ሰሞኑን በቃል ነግረውናል። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ነገር ግን በጽሑፍ የተዋዋልነው ነገር ስለሌለ በሚቀጥለው ዓመት ስንት እንደሚሉን አናውቅም።

ከቁጠባ፣ ከዕቁብና ቤተሰብ ከሚያግዘን ተደማምሮ ወደ 2 ሚሊዮን ብር በእጃችን አለ። አንድ ደላላ ከጦሳ ተራራ ግርጌ፣ ተዳፋት ላይ የተሠራ ባለ ሦስት ክፍል የብሎኬት ቤት ከነሰርቪሱ አሳይቶን ነበር፤ ሻጩ 4.5 ሚሊዮን ብር ይላሉ። ቀሪውን ከባንክ ተበድረን ብንገዛው ይሻላል ወይስ ተከራይተን ብንቆይ? ኮምቦልቻ ብንገዛስ የሚል ሐሳብም አለኝ። ደላላው ቀብድ ቶሎ ካላስያዛችሁ ቤቱ ያመልጣችኋል እያለ ነው።

ምላሽ፦ የባንክ ባለሙያ

ወንድሜ፣ ሒሳቡን ብቻ ካየነው መከራየቱ ይረክሳል። በ12,000 ብር የወር ኪራይ በዓመት የሚከፍሉት 144,000 ብር፣ ማለትም ከቤቱ ዋጋ 3.2 ከመቶ ብቻ ነው (ጳጉሜን ለተከራይ ነጻ ናትና አልቆጠርኳትም)። በአንጻሩ 2.5 ሚሊዮን ብር ቢበደሩና ወለዱን በዓመት 15 ከመቶ ብለን ብንይዘው፣ በመጀመሪያው ዓመት ለወለድ ብቻ 375,000 ብር ገደማ ይወጣል፤ ይህም በወር ከ31,000 ብር በላይ ሲሆን ከዋናው ብድር የሚመለሰው ገና አልተጨመረበትም። የአንድ መምህርትና የአንድ ፋብሪካ ሠራተኛ ደመወዝ ተደምሮ ይህንን ይሸከማል ብዬ አላምንም፤ አበዳሪው ባንክም ቢሆን የወር ክፍያውን ከገቢያችሁ ጋር ሳያመዛዝን አይፈቅድም።

ይህን ስል ግን ብሩ በቁጠባ ደብተር ይቀመጥ ማለቴ አይደለም። 2 ሚሊዮን ብር በዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ በ7 ከመቶ ቢታሰብ በዓመት 140,000 ብር ያስገኛል፤ ኪራያችሁን ሊሸፍን ምንም አልቀረውም። ሆኖም በሐምሌ 2016 ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተደረገ በኋላ የብረቱም የሌላው የግንባታ ዕቃም ዋጋ የት እንደደረሰ ሁላችንም አይተናል፤ ወለዱ እየተከፈለ የመግዛት አቅሙ ከሥር ይሸረሸራል። ስለዚህ እኔ የማየው ጥያቄ የመግዛትና ያለመግዛት ሳይሆን የብድሩ መጠን ነው። ብድሩ ከግማሽ ሚሊዮን ብር እምብዛም የማያልፍ ከሆነ፣ ባለ አንድ ክፍልም ቢሆን ሰርቪስ ያለው ትንሽ ቤት ገዝቶ እየቆየ ማስፋፋት ይቻላል። በ2.5 ሚሊዮን ብድር ግን አልመክርም። የቴምብር ቀረጥ፣ የስም ማዛወሪያና የደላላ ክፍያ በቤቱ ዋጋ ላይ የሚጨመሩ መሆናቸውም አይዘንጋ።

ምላሽ፦ ግንበኛ ነኝ

ዋጋውን ትቼ ስለ ቦታው ልናገር። ደሴ በተራሮች መካከል ባለ ጎድጓዳ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት፤ ብዙው ሰፈር ያረፈው ከዳገቱ ተንሸራቶ በተከማቸ አፈርና ኮረት ላይ ሲሆን የቦርከና ወንዝና ገባሮቹም ከታች እየቦረቦሩት ይሄዳሉ። በክረምት የመሬት መንሸራተት የሚያስቸግረን በዚሁ ምክንያት ነው። ከጦሳ ግርጌ ያለ ቤት ሁሉ መጥፎ ነው አልልም፤ ነገር ግን እንዲህ ያለውን ቤት በጥር ዐይቶ መግዛት አይገባም፤ ነሐሴ ላይ፣ ሌሊቱን ሲዘንብ ባደረ ማግስት ሄዶ ማየት ያስፈልጋል።

ሲሄዱ ቀለሙን አይመልከቱ። ከበርና ከመስኮት ማዕዘን ተነስቶ በሰያፍ ወደ ላይ የሚወጣ ስንጥቅ ካለ፣ በተለይም በላዩ አዲስ ልስን ተለስኖበት ከዙሪያው ግድግዳ የነጣ መስመር ከሠራ፣ መሠረቱ እየተንቀሳቀሰ ለመሆኑ ምልክት ነው። ከቤቱ ጀርባ ያለው የድጋፍ ግንብ ሆዱን ወደ ፊት ገፍቶ እንደሆነ፣ ውኃ ማስወጫ ቀዳዳ የተተወለት እንደሆነም ይመልከቱ፤ ቀዳዳ የሌለው ግንብ ከኋላው የሚጠራቀመውን ውኃ ክብደት አይችለውም። ከተዳፋቱ በላይ ያሉት ዛፎችና የመብራት ምሰሶዎች ወደ አንድ ወገን ካዘነበሉ ደግሞ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም፤ ይተዉት። የድጋፍ ግንብ አፍርሶ መሥራት ምን ያህል እንደሚያስወጣ የሚያውቀው የሠራው ነው።

ምላሽ፦ ውል ጸሐፊ

ቀብድን በተመለከተ ጥድፊያውን የፈጠረው ደላላው እንጂ ሕጉ አይደለም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1885 መሠረት ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ቢያፈርስ ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። የቤት ሽያጭ ውል በጽሑፍ መሆን እንዳለበት በቁጥር 2877፣ በፍርድ ቤት ወይም በሚያዋውል አካል ፊት መመዝገብ እንዳለበት ደግሞ በቁጥር 1723 ተደንግጓል። ስለዚህ መንደር ውስጥ በሦስት ምስክር የተፈረመ ወረቀት ይዞ ቤት ገዛሁ ማለት አይቻልም። አስቀድመው ካርታው የማን ስም እንደሆነ፣ ይዞታው ነባር ይሁን ሊዝ፣ ሊዝ ከሆነም ያልተከፈለ ቀሪ መኖሩን፣ ዕዳና ዕገዳ እንደሌለበት ከማዘጋጃ ቤት ያረጋግጡ። ሻጩ ባለትዳር ከሆኑ ባለቤታቸውም መፈረም አለባቸው።

ስለ ኪራዩም አንድ ነገር ልጨምር። በመጋቢት 2016 የጸደቀው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፣ ዘመኑም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድመ ክፍያም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ያዝዛል። ክልሎች በሚወስኗቸው ከተሞችም ስለሚሠራ፣ ደሴ ላይ ምዝገባው እንዴት እንደሚካሄድ ከከተማ አስተዳደሩ ይጠይቁ። አከራይዎ ደግ ሰው ከሆኑ ለሁለት ዓመት ብንፈራረም ቢሏቸው የሚከፉ አይመስለኝም፤ የጓጉለትን የቤት ጥያቄ በእርጋታ ለማየት የሚያስችልዎትም እሱ ነው።

ምላሽ፦ የሸሻ በር ነዋሪ (ኮምቦልቻ)

ኮምቦልቻን ስላነሱ ነው የምጽፈው። የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2009 ከተመረቀ ወዲህ የኪራይ ፈላጊው ስለበዛ፣ ቤት ገዝቶ ሰርቪሱን ማከራየት ለሚፈልግ ሰው ኮምቦልቻ ትሻላለች ባይ ነኝ። መሬቱም ሜዳ ይበዛዋል፤ ከቦርከና ዳር ግን ይራቁ፣ ክረምት ላይ ይሞላል። ነገር ግን ባለቤትዎና ልጆችዎ ደሴ ናቸው። አሁን በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለውን የሐረጎን ዳገት በየቀኑ የሚወርዱትና የሚወጡት እርስዎ ብቻ ሲሆኑ፣ ወደዚህ ብትመጡ ጉሙን እየሰነጠቁ የሚመላለሱት ሦስቱ ይሆናሉ።

የጠያቂው መልስ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዛሬ ደላላውን ካርታውን አሳየኝ ስለው በሻጩ ሟች እናት ስም እንደሆነ ነገረኝ። ወንድሞችና እህቶችም አሏቸው። ይህ ያስቸግራል?

ምላሽ፦ ውል ጸሐፊ

በእጅጉ ያስቸግራል። ሻጩ በፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ ሳያወጡ፣ የውርስ ንብረቱም ሳይከፋፈል ወይም ወራሾቹ ሁሉ ሳይስማሙና ሳይፈርሙ ቤቱን ብቻቸውን ሊሸጡልዎት አይችሉም። ውጭ አገር ያለ ወንድም ወይም እህት ካለ በኤምባሲ በኩል የተረጋገጠ ውክልና ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ ተሟልቶ ስሙ እስኪዛወር ድረስ አንድ ብር እንኳ ቀብድ አይስጡ። እስከዚያው የኪራይ ውሉን ይፈራረሙ።