ዳይፉኩ ሞቺ ሲያድር የሚደርቀው ለምንድን ነው?

ጣፋጭ_ወዳዷ፦
ሰላም! ቤት ውስጥ ዳይፉኩ እየሠራሁ ነው፣ ያው መሀሉ አንኮ (አዙኪ ከሚባል ትንሽ ቀይ ባቄላ የሚሠራ ጣፋጭ ሙሊት) ያለው የጃፓን ሞቺ፣ ማለትም የሚለጠጥ የሩዝ ሊጥ ጣፋጭ። ወዲያው ሲበላ ደህና ነው፣ ፍሪጅ ውስጥ ካደረ ግን ሊጡ ደርቆ ይሰነጣጠቃል። አዙኪውም ስኳር ጨምሬ ስንት ሰዓት ብቀቅለው ፍሬው እንደጠጠረ ይቀራል። የዱቄቱ ማሸጊያ ላይ «የሩዝ ዱቄት» ብቻ ነው የሚለው። ምን ላድርግ?

ሊጥ_አቡኪ፦
መጀመሪያ ዱቄቱን ቀይሪ። ተራው የሩዝ ዱቄት ጃፓኖች ጆሺንኮ የሚሉት ነው፤ በኦክ ቅጠል ለሚጠቀለለው ለካሺዋ ሞቺ ይሆናል፣ ለዳይፉኩ ግን አይሳብልሽም። ከሚያጣብቀው ሩዝ የሚሠራውን ሺራታማኮ ወይም ሞቺኮ ፈልጊ። ሺራታማኮ እንደ ፍርፋሪ ያለ ስለሆነ ውሃውን ጥቂት በጥቂት እያፈሰስሽ በጣትሽ አሟሚው። እኔ ለ100 ግራም ሺራታማኮ 150 ሚሊ ሊትር ውሃና 60 ግራም ስኳር ነው የማደርገው። ማይክሮዌቭ ውስጥ 1 ደቂቃ፣ አውጥተሽ በደንብ ማማሰል፣ ከዚያ መመለስ። ንጣቱ ለቆ ብርሃን የሚያሳልፍ ሲመስል ደርሷል ማለት ነው። የድንች ስታርች በደንብ ነስንሰሽ እላዩ ላይ ገልብጪው፣ እጅሽንም ቀቢው፣ አለዚያ ተጣብቆ አይለቅሽም።

ዋጋሺ_በቤቴ፦
ዱቄቱ ላይ እስማማለሁ፣ ግን ፍሪጁም አለበት። የበሰለ ስታርች ሲቀዘቅዝ ተመልሶ ይጠነክራል፣ የፍሪጅ ቅዝቃዜ ደግሞ ያፋጥነዋል። ስኳር ውሃውን ይዞ ስለሚያዘገየው እባክሽ ስኳሩን አትቆጥቢ! ግዩሂ የሚባለው የሞቺ ዓይነት ሊጥ ለስላሳ ሆኖ የሚቆየው በስኳሩ ብዛት ነው። በተረፈ የዛኑ ቀን ብዪው። ከተረፈ አንድ በአንድ ጠቅልለሽ ፍሪዘር ውስጥ ክተቺው፣ ስትፈልጊ ውጪ ይቅለጥ።

ቀይ_ፍሬ፦
ስለ አንኮው ማንም አልመለሰላትም እኮ። ስኳሩን ቀድመሽ ስለምትጨምሪ ነው፤ ስኳር ከገባ በኋላ ፍሬው መለስለሱን ያቆማል። አዙኪ መዘፍዘፍ የግድ አይደለም። አንዴ ሲፈላ ውሃውን ድፊው፣ አፍ የሚይዘው ጣዕም አብሮ ይሄዳል። ከዚያ በአዲስ ውሃ፣ በቀስታ እሳት፣ ፍሬው በሁለት ጣት ሲጫኑት ያለ ትግል እስኪፈርስ ድረስ። ስኳሩን ያኔ በሁለት በሦስት ዙር ጨምሪ፣ መጨረሻ ላይ ቁንጥር ጨው። ማንኪያ የድስቱን ታች ሲጠርገው መስመሩ ቶሎ ካልተከደነ አውርጂው። ሲበርድ ይበልጥ ስለሚጠነክር እሳት ላይ እስኪደርቅ አትጠብቂ።

ጣፋጭ_ወዳዷ፦
በጣም አመሰግናለሁ፣ ተባረኩ! እንጆሪ ባስገባበትስ?

ዋጋሺ_በቤቴ፦
ኢቺጎ ዳይፉኩ ነዋ፣ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የመጣ ነው፣ ለእኔ ከሁሉም ይበልጣል። እንጆሪው ውሃ ስለሚያወጣ አጥበሽ በደንብ አድርቂው፣ ሙሉውን በአንኮ ሸፍኚው፣ ሊጡን ከዚያ በኋላ አልብሺው። እሱን እንኳን ለነገ አታሳድሪው።